አካፋ ያልጨበጠው ጎረቤት

ሰኞ፣ ኖቬምበር 12

ጻፊ ያለኝ ሳጅኑ ነው። «ወይዘሮ አትራክታ፣ ትዝ ያለዎትን ሁሉ፣ ትንሽ ነው ሳይሉ ወረቀት ላይ ያስፍሩት» አለኝ፣ ኮፍያውን በእጁ እያሽከረከረ። እሺ። የምጽፈው ግን ለእሱ ብዬ አይደለም። ልጄን ገጭቶ እንደ ውሻ መንገድ ላይ ጥሎት የሄደውን ሰው እስካገኝ እጽፋለሁ። ከዚያ በኋላ ደብተሩን እሳት ይብላው።

ኮልማን ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ሥራው ድንጋይ መካብ ነው። በዚህ ወረዳ ካለው ካብ ግማሹ የእሱ እጅ አለበት ብል ማጋነን ይሆናል፤ እናቱ ነኝ፣ አጋንናለሁ። አርብ፣ ኖቬምበር 2፣ ሥራ ውሎ በእግሩ ወደ ቤት ሲመጣ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ያለው ጠመዝማዛ ላይ መኪና ገጨው። አልቆመም። ዝናብ ነበር፣ ጨለማ ነበር። ፖሊሶቹ ያገኙት የፊት መብራት ስብርባሪ ብቻ ነው። ልጁን ከመንገዱ ዳር ያገኘው ደግሞ የገዛ አባቱ ነው።

የሚያንጸባርቀው ቢጫ ሰደርያ አሁንም በሩ ጀርባ ተንጠልጥሏል። ስንት ጊዜ «ልበሰው» ብዬዋለሁ። «እማ፣ መንገድ ጠራጊ ያስመስለኛል» ብሎ ይስቅ ነበር። የዚያን ጠዋት ደግሜ ልለው ነበር፣ እንቁላሉ ሊያርርብኝ ሲል ተውኩት።

እንቁላሉ ይረር ነበር!

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 13

ሳጅኑ ማን የት እንደነበረ ጠየቀ። ባሌ ጃርላት ከብቶቹ ጋ። እኔ ወጥ ቤት። ኮርማክ እኔ ጋ፣ ማታውን በሙሉ። ለሳጅኑ ይህን የተናገርኩት እኔው ነኝ፣ ልጁማ አፉም አልተላቀቀለት። የእህቴ የሪታ ልጅ ነው። እሷ ከሞተች ወዲህ ከእኛ ማዕድ ጠፍቶ አያውቅም። እሱንም እንደ ሌባ ሲጠይቁት ደሜ ፈላ።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 15

ስለ ቀብሩ ልጻፍ።

እኛ ዘንድ የራስን ሟች መቃብር የራስ ቤተሰብ አይቆፍርም። ጎረቤት ነው የሚቆፍረው። ማንም «ና ቆፍር» አይባልም፤ ሟችን የወደደ አካፋውን ይዞ ይመጣል። ከትልቁ ጎርፍ ወዲህ እዚህ መቃብር ሲቆፈር ፌስቲ ያልነበረበትን ቀን አላስታውስም። ከሜዳው ማዶ ያለው ፌስቲ፣ ትራክተር ጠጋኙ። ከኮልማን ጋር ከመጀመሪያ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያደገው ፌስቲ። ለማያውቃቸው ሽማግሌዎች ሳይቀር በበረዶ ላይ የቆፈረ ሰው ነው።

ለኮልማን አልመጣም።

አስከሬኑ ቤት ባደረ ዕለት ግን መጥቶ ነበር። «ሐዘንዎ ሐዘኔ ነው፣ የኮልማን እናት» ብሎ እጄን ጨበጠ። ዓይኔን አላየኝም። እጁ ቀዝቃዛ ነበር። በማግስቱ ወንዶቹ ዶማና አካፋ ይዘው ሲሄዱ በመስኮት አየኋቸው፤ ፌስቲ የለም። ሚስቱ ኑአላም ወደ ቀብሩ አልገባችም፣ መኪና ውስጥ ተቀምጣ ቀረች።

ኮርማክ ግን ቆፈረ። ለዘመድ አይፈቀድም ቢሉት «የአክስት ልጅ ነኝ እንጂ ወንድም አይደለሁም» ብሎ ገባ። አካፋውን ለማንም አልሰጥ አለ አሉ። ሌሎቹ «ተራ ስጠን እንጂ፣ መዳፍህ ተልጦ እኮ ነው» ቢሉት አልሰማም። እንዲህ ነው የወደደ ሰው።

እና ፌስቲ ምን ያዘው? እኔ የምጠይቀው ይህን ብቻ ነው።

እሑድ፣ ኖቬምበር 18

ኖቬምበር የሙታን ወር ነውና አባ ስም ጠሩ። ኮልማን መጨረሻ ላይ ተጠራ። ጃርላት ሳል አስመስሎ አለቀሰ።

ስንመለስ መቃብሩ ደጃፍ ላይ ቆም አልኩና ምን ትዝ አለኝ? አባቴ የተቀበረ ቀን። ኮልማን ሆዴ ውስጥ ነበር። እርጉዝ ሴት መቃብር አትገባም ብለው እናቴና አክስቶቼ ከዚህ በር ውጭ አቆሙኝ። የገዛ አባቴ ሲቀበር በብረቱ ፍርግርግ አየሁ። ጃርላትም አካፋ እንዳይነካ ተከለከለ። ሚስቱ ያረገዘች ሰው መቃብር ከከፈተ ለልጁ ጥሩ አይደለም ይላሉ። ጃርላት «የአሮጊት ወሬ» ብሎ ሳቀ እንጂ አካፋውንም አልነካ። ልጁም ሙሉ ጤነኛ ሆኖ ተወለደ፣ እንደ ጥጃ እየጮኸ።

ለሃያ ዘጠኝ ዓመት ጠበቅነው። ለዚህ።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 21

የፌስቲ ነጭ ጭነት መኪና ግቢው ውስጥ የለም። ከትናንት ወዲያ ነበር። ዛሬ የለም።

ሐሙስ

አሁንም የለም።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 24

ፊሎሚና ሱቅ ቆሜ ሰማሁ። ፌስቲ ጭነት መኪናውን ሸጦታል! ለማን ቢሉ፣ ከሌላ ወረዳ ለመጣ ሰው። በምትኩ የኋላ ወንበር ያለው፣ አራት በር፣ አሮጌ የቤት መኪና ገዛ። ለሁለት ሰው አራት በር ምን ያደርግለታል? መፍቻውንና ጎማውን የት ሊጭን ነው?

ፊሎሚና ሚዛኗ ላይ ተደግፋ «ያረጀበት ይሆናላ» አለች።

«ያረጀው አሁን ነው? ልጄ በሞተ በሦስተኛው ሳምንት?»

 ከኋላዬ የቆመች ሴትዮ ለጓደኛዋ «ጭስ ካለ እሳት አለ» ስትል በጆሮዬ ሰማሁ። ስለዚህ የማስበው እኔ ብቻ አይደለሁም።

ሌላም አለ። ፌስቲ ያን ማታ የት እንደነበረ ሲጠየቅ «ከተማ ነበርኩ» ብሏል። ከተማ ምን ትሠራ ነበር ሲሉት «የራሴ ጉዳይ ነው»። ሰው በሥራ ቀን፣ ትራክተር ተገትሮ እየጠበቀው፣ ከነሚስቱ ከተማ ምን ጉዳይ አለው?

ማታውኑ

እንቅልፍ እንቢ አለኝ። ጃርላት ጀርባውን ሰጥቶኛል፣ እሱም አልተኛም።

ኮልማን በመጨረሻው ሳምንት ሁኔታው ልዩ ነበር። እያፏጨ ይገባል፣ እያፏጨ ይወጣል። ማርማላታውን ከነማንኪያው ከብልቃጡ እየበላ (ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «በሳህን ብላ» አልኩት) ዝም ብሎ ፈገግ ይላል። «ምን አገኘህ?» አልኩት። «እማ፣ አንድ ነገር አውቃለሁ። ግን አልነግርሽም፣ ምያለሁ።» «ሴት ናት?» «አይደለችም!» «የማን ነገር ነው?» «የፌስቲ ነው። በቃ አትጠይቂኝ።»

የፌስቲ ነው። በዚህ ጆሮዬ የሰማሁት ቃል ነው። ያን ጊዜ ዝም ብዬ እጅ ማጠቢያው ላይ ድንች መላጤን ቀጠልኩ።

አሁን ግን ሌላ ነገር እየታየኝ ነው። ኮልማን ስለ ፌስቲ አንድ ምስጢር አወቀ። በሳምንቱ ሞተ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ግን ታዲያ ምን ላስብ?

እሑድ፣ ዲሴምበር 2

የወር መታሰቢያ ቅዳሴ። ከቅዳሴ በኋላ ሁሉም ወደ መቃብሩ ሄደ። ኑአላ ዛሬም መኪና ውስጥ ቀረች። ሄጄ በመስታወቱ ፊቷን አየሁት፣ ግርጣት ብቻ። መስታወቱን ዝቅ አድርጋ «ይቅርታ የኮልማን እናት፣ ትንሽ አሞኝ ነው» አለችና ወዲያው አፏን በመሐረብ ያዘች። ያጥወለውላታል።

ኅሊና የሚባል ነገር ሆድም ያማል ማለት ነው።

በኋላ ሻይ ስናዞር ትንሽ ወይን ብሰጣት እንቢ አለች። ኑአላ! በሠርጓ ቀን ጠረጴዛ ላይ የጨፈረችው ኑአላ! ከእኔ እጅ መቀበል ፈርታ ነው። ምን ያስፈራታል?

ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 4

ኮርማክ ማገዶ አመጣልን። መኪናው ዓመታዊ ፍተሻ ወድቆ ጎልዌይ ከተማ ጓደኛው ጋ ተቀምጧልና ምስኪን በትራክተር ነው የሚመላለሰው። ቆፈኑ ፊቱን አቃጥሎታል። ከአክስቱ ቤት መምጣት ግን አላቋረጠም። ደግሞ በመንገዱ አይመጣም፣ ዙሪያውን በሜዳ አቋርጦ፣ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ነው የሚደርሰው። «ለምን በመንገዱ አትመጣም?» ብለው «ያን ቦታ ማየት አልችልም፣ አክስቴ» አለኝ። አንጀቴን በላው።

ድሮ ኮልማን «ኮርማክ መኪና አይነዳም፣ ያበራል» እያለ ይቀልድበት ነበር። «አንድ ቀን ዶሮዎቻችንን በሙሉ ትፈጃለህ!» ይለዋል። ሁለቱ ሲላፉ ቤቱ ይናወጥ ነበር። አሁን ኮርማክ ማርማላታ ባቀርብለትም አይነካም። ሻዩ ሳይጠጣው ይቀዘቅዛል።

ጃርላት ሲገባ አየውና ሰላም ሳይለው ወደ ጓዳ አለፈ። በኋላ ቆጣሁት። «ልጁ እኮ ያለ እኛ ማንም የለውም!»

«አውቃለሁ» አለ።  ሐዘን ሰውን እንዲህ ያደርጋል፤ የቀረበውን ይጠላል።

እሑድ፣ ዲሴምበር 9

ሳጅኑን ጣቢያው ድረስ ሄጄ አፋጠጥኩት። መኪናውን መሸጡን፣ ከተማ ነበርኩ ማለቱን፣ አለመቆፈሩን፣ ሁሉንም ዘረገፍኩለት።

«ወይዘሮ አትራክታ፣ ፌስቲን ይተዉት። ያን ማታ የት እንደነበረ አረጋግጫለሁ።»

«የት ነበር?»

«ለእርስዎ ልነግርዎት አልችልም። የሰው ገመና ነው።»

ገመና! ከፌስቲ ጋር ሐሙስ ሐሙስ ካርታ እንደሚጫወት የማላውቅ መስሎታል። ጅብ ለጅብ ቢነካከስ እንኳ አይበላላም።

ሲሸኘኝ «ኮርማክ ያን ማታ ከእርስዎ ጋር እንደነበረ እርግጠኛ ነዎት?» አለኝ። ደግሞ ወደ እሱ! አዎ፣ አልኩት። እርግጠኛ ነኝ። ሻይ ቀድቼለታለሁ።

ሐሙስ፣ ዲሴምበር 13

ኮልማን የጀመረው ካብ ታችኛው ሜዳ ላይ እንደ ጥርስ ተሸርፎ ቆሟል። ጃርላት ይወጣል፣ ሁለት ድንጋይ ያስቀምጣል፣ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ያፈርሰዋል። ዛሬ ልጠራው ወጣሁ።

«ይህን ድንጋይ ምን ብሎ ነበር የሚያዞረው?» አለኝ። «ፊቱን ወደ ውጭ ነው ወደ ውስጥ?»

«እኔ ምኑን አውቄ?»

«ስንት ዓመት አብሬው ቆሜ አየሁት፣ አንድ ቀን አልጠየቅኩትም።»

ቁጭ ብለን ተላቀስን። ከቀብሩ ወዲህ አብረን ስናለቅስ የመጀመሪያችን ነው። ዝናቡ ሲጀምር ተነሳን።

ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 25

አደረግኩት።

የገና ቅዳሴ ላይ አባ «ሰላም ተባባሉ» አሉ። ሰው ሁሉ ግራ ቀኝ እየዞረ እጅ ይጨባበጣል። ፌስቲ ከኋላችን ነበር። እጁን ዘረጋልኝ። ዓይኔን ዓይኑ ላይ ተክዬ እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። ከዚያም ሁሉም እንዲሰማ «መጀመሪያ እጅህ ላይ ያለውን ታጠብ» አልኩት።

 አንድ ሕፃን ብቻ ያስል ነበር። ፌስቲ እጁ እንደተዘረጋ ቀረ፤ አንድ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተና ኑአላን አየ። አፉን መልሶ ገጠመ። እውነተኛ ሰው ቢሆን ኖሮ እዚያው አይናገርም ነበር?

ኮርማክ ተነስቶ ወጣ። የመቃብሩ አጥር ሥር ሲያስመልሰው አገኘሁት። ስለ እኔ አፍሮ ይሆን ብዬ «አጥፍቻለሁ?» ብለው ራሱን ይዞ «አክስቴ፣ ፌስቲን ተዪው፣ እባክሽ ተዪው» አለኝ። ደግ ነው። ሪታ እንዲህ ነበረች፣ ለጠላቷ የምታዝን።

ጃርላት እስከ ማታ አላናገረኝም።

እሑድ፣ ዲሴምበር 30

ወሬው ሳይደርስበት የቀረ ቤት የለም። ፊሎሚና እንደነገረችኝ ሁለት ገበሬዎች ትራክተራቸውን ከፌስቲ ግቢ አውጥተው ሌላ ሰፈር ወስደዋል። መጠጥ ቤት ሲገባ ወንበር የሚለቅለት ጠፋ አሉ። አንዱ ጎረምሳ «ፌስቲ፣ መብራትህን አስተካከልክ?» ብሎት ሰው ሁሉ ሳቀ።

ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ሾርባዬን መጨረስ አቃተኝ።

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 8

ትናንት ማታ የፌስቲን መስኮት በድንጋይ ሰበሩት። የትንሿን ክፍል መስኮት፣ ሰሞኑን ቢጫ ቀለም ሲቀባት የነበረችውን።

ድንጋይ ወርውሩ አላልኩም። ይጻፍልኝ። እንዲህ ያለ ቃል ከአፌ አልወጣም።

ግን ሰው በገና ሰሞን ትንሽ ክፍል ቢጫ ምን ብሎ ይቀባል?

እሑድ፣ ጃንዋሪ 13

ጃርላት በሜዳው ማዶ ሄዶ የፌስቲን መስኮት አብሮት ሲገጥም ዋለ። እኔን ሳያማክር! ሲመለስ የጭቃ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ጀመርኩት።

«የልጅህን ገዳይ መስታወት ትገጥማለህ?»

«የጎረቤቴን መስታወት ነው የገጠምኩት።»

«ምን አለህ? ምን ተባባላችሁ?»

«ምንም። እሱ መሰላል ያዘ፣ እኔ ገጠምኩ።» ከዚያ እጁን እየታጠበ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ የቆጡን አወርድ ብለሽ የብብትሽን እንዳትጥዪ» አለኝ።

የምን ብብት? በብብቴ የቀረኝ ምን አለና?

አሁን ባሌንም መጠርጠር ጀመርኩ። ምን ያውቃል? ሲበላ አየዋለሁ፣ ሲተኛ አየዋለሁ።

ቅዳሜ፣ ጃንዋሪ 19

ኮርማክ ለሥራ አውስትራሊያ ልሄድ ነው አለ። ልክ እንደ ቀልድ፣ ማገዶውን እየደረደረ። «መቼ?» «ቲኬት ስገዛ።»  እሱም ከሄደ ማን ቀረኝ? «አትሄድም!» አልኩት። «ፌስቲን እስክናሳስር አትሄድም።» አንድ እንጨት ከእጁ ወደቀ።

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 22

ኑአላን ሌሊት በአምቡላንስ ወሰዷት። ለምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ፊሎሚና ልትጠይቃት ልትሄድ ነው።

ሰው የሠራው አይቀርም ብዬ አሰብኩ። አሰብኩት ብቻ አይደለም፣ ለሻማ ሻጯ ነገርኳት።

ቅዳሜ፣ ጃንዋሪ 26



ፊሎሚና መጣች። ኮቷን እንኳ ሳታወልቅ በሩ ላይ ቆማ «ኑአላ ስድስተኛ ወሯ ነው» አለች።

«የምን ስድስተኛ ወር?»

«አርግዛለች እንጂ፣ አትራክታ! ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ጨንግፎባታል፣ ለማንም ሳንናገር እንጨርስ ብለው ነበር። አሁን ደም ታያት። ድንጋዩ መስኮቱን ከሰበረ ወዲህ እንቅልፍ የላትም ነበር አሉ። አልጋ ላይ ብቻ ትተኛለች፤ ሐኪሞቹም ተስፋ እንጂ ቃል አልሰጧትም።» ደግሞም፣ «ለዚህ ነበር ያልቆፈረው። ሚስቱ ያረገዘች ሰው መቃብር አይከፍትም፣ አንቺው ታውቂው የለ?»

አውቀው የለ።

እኔ አትራክታ፣ ከዚያ በር ውጭ ቆሜ አባቴን በፍርግርግ የቀበርኩት። እዚሁ ደብተር ላይ የጻፍኩት። ገልጬ አየሁት፣ በራሴ እጅ የተጻፈ ነው። ያን ማታ ከተማ የሄዱት ሆስፒታል ነው፣ ለምርመራ። አራት በሩ ለሕፃን ወንበር ነው። ቢጫዋ ክፍል...

ፊሎሚና ስትሄድ ጃርላት ምድጃው ጥግ ተቀምጦ ነበር። ሁሉንም ሰምቷል።

«ታዲያ ማን ነው?» አልኩት። ጮኼ ነው ያልኩት። «እሱ ካልሆነ ማን ነው?»

እሳቱን ቆሰቆሰ። «አትራክታ፣ ሰፈሩን በሙሉ ጠይቀሻል። ፖስተኛውን ሳይቀር። መኪናህ የት አለ ብለሽ ያልጠየቅሽው አንድ ሰው ብቻ ነው።»

«መኪናው ፍተሻ ወድቆ...»

«ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ» አለ ጃርላት።

ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። 

ያን ማታ ወጥ ቤት ነበርኩ። ኮርማክ እኔ ጋ ነበር ብያለሁ። ማታውን በሙሉ ብያለሁ። ነበር እንዴ? ሬዲዮው ዜና ጨርሶ ስለ አየሩ ሲያወራ ነው በጓሮ በር የገባው። በእግሩ። ጫማው ውሃ እየተፋ። ፎጣ ሰጠሁት፣ ሻይ ቀዳሁለት። ጽዋውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ሳይጠጣ፣ ምን ነበር ያለኝ?

«ኮልማን ገባ?»

ገና ማንም ሳያውቅ። ጃርላት መብራት ይዞ ሊፈልገው ሳይወጣ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅከው?» አልኩት ጃርላትን።

«እርግጠኛ አልነበርኩም። በሜዳ መዞር ሲጀምር ገባኝ።»

«ለምን አትነግረኝም?»

«የሪታ ልጅ ነው። አንቺ ደግሞ ምለሽለት ነበር።» ዓይኑን በክንዱ ጠረገ። «ፈሪ ሆንኩ፣ አትራክታ። አንድ ቀብረን ሌላውን መቅበር ፈራሁ። ፌስቲ ሲሰደብ እያየሁ ፈራሁ።»

እሑድ፣ ጃንዋሪ 27

ኮርማክ ከቅዳሴ በኋላ ምሳ ሊበላ መጣ። ድንች፣ በግ፣ ጎመን። ጃርላት ቢላዋውን አስቀምጦ እጁን ጭኑ ላይ አደረገ።

«ኮርማክ» አልኩት፣ «መኪናህ የት አለ?»

ቀና ብሎ አየኝ። የሪታን ዓይን ነው ያለው። ያ ፊት ስንት ሳምንት ሙሉ ይህን ጥያቄ ሲጠብቅ የኖረ ፊት ነበር። ከዚያ ጭንቅላቱን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

«አላየሁትም አክስቴ፣ በማርያም አላየሁትም። ከጓደኞቼ ጋር ተወራርደን እየበረርኩ ነበር፣ ጠመዝማዛው ላይ... ድንጋይ የመታሁ መሰለኝ። ወርጄ አየሁ። እሱ ነው። አልተነፈሰም። መኪናውን አሮጌው ጎተራ ውስጥ ደበቅኩና ልነግርሽ መጣሁ። ልነግርሽ ነበር የመጣሁት! ፎጣ ሰጠሽኝ።»

ፎጣ ሰጠሁት።

«መቃብሩንስ?» አልኩት።  «በዚህ እጅህ መቃብሩን ስትቆፍርለት ምን ተሰማህ?»

«ከእኔ በቀር ማን ይቆፍርለት አልኩ። እኔው ካልቆፈርኩ...» መዳፉን ዘረጋልኝ። ጠባሳው አሁንም አለ።

ልመታው ፈለግኩ። ላቅፈውም ፈለግኩ። እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ፈለግኩ፤ ሁለቱንም አላደረግኩም። ተነስቼ ኮቱን ከመስቀያው አውርጄ ሰጠሁት። ቢጫው ሰደርያ ከሥሩ ወደቀ፣ ጃርላት አነሳው።

«ወደ ጣቢያ ነው?» አለኝ ኮርማክ።

«መጀመሪያ ለእሱ ትነግረዋለህ። ከዚያ ወደ ጣቢያ። እኔም የማስተካክለው ቃል አለኝ።»

በመንገዱ ወሰድነው፣ በጠመዝማዛው። ዓይኑን ጨፍኖ አለፈ። መቃብሩ ስንደርስ ኮርማክ ብቻውን ገባ። እኔ ከበሩ ውጭ፣ ኮልማንን በሆዴ ይዤ የቆምኩበት ቦታ ላይ ቀረሁ። በፍርግርጉ አየሁት፤ ተንበርክኮ ብዙ ነገር ሲናገር ነበር። ምን እንዳለው አልሰማሁም፣ ለእኔም አልነበረም።

ሳጅኑ ቃሌን ሲጽፍ ቀና ብሎ አላየኝም።

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 31

የፌስቲ ግቢ ትራክተሮች ተመለሱ አሉ። አንድ ነውረኛ ደግሞ ሱቅ ውስጥ «እኔስ ከመጀመሪያውም ኮርማክን ነበር የጠረጠርኩት» ሲል ሰማሁ። ድንጋዩን የወረወረው እሱ ሳይሆን አይቀርም።

እንደገና መጠርጠር ጀመርኩ። አፌን ይዝጋው።

አርብ፣ ፌብሩዋሪ 1

ዛሬ በሜዳው አቋርጬ ሄድኩ። ቂጣ ጋግሬ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ። ኑአላ ትናንት ወደ ቤት ተመልሳለች፣ ልጁም እስካሁን በሆዷ አለ።

ፌስቲ በሩን ከፈተ። እኛ ዘንድ በር ላይ የመጣ ሰው፣ ግብር ሰብሳቢም ቢሆን፣ «ግባ» ይባላል። ፌስቲ በሩን ይዞ ቆመ።

«ፌስቲ» አልኩት፣ «ምን ብዬ...»

«ተኝታለች» አለ ዝግ ብሎ። «ሐኪሙ አትነሺ፣ አትደንግጪ ብሏታል።»

«ለምን አልነገርከኝም? ያን ቀን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንድ ቃል ብትል ኖሮ!»

«ሁለቱን ጊዜ ተናግረን ነበር፣ የኮልማን እናት። ሁለቱንም ጊዜ ለሰው በነገርን በሳምንቱ ጠፉ። ሦስተኛውን ለማንም ላንናገር ተማማልን።» ቂጣውን ተቀብሎኝ ወደ ታች አየው። «ለአንድ ሰው ብቻ ነገርን። ክርስትና እንዲያነሳልን ጠይቀነው ነበር። ለእናትህም እንዳትነግር ብለን አስማልነው።»

ከዚያ «ደህና ይዋሉ» አለኝና በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

በሜዳው ስመለስ ካቡ አጠገብ ቆምኩ። ጃርላት አንድ ድንጋይ ይዞ ወዴት እንደሚያዞረው ያመነታል። ነገርኩት፣ ፌስቲ ያለኝን ሁሉ። ድንጋዩን መሬት ላይ አስቀመጠው።

ምሎ ነበር። እያፏጨ፣ ማርማላታውን ከነማንኪያው እየበላ፣ ያን ሁሉ ደስታ በአፉ ይዞ ዞረ። አልተናገረም። ለእኔ እንኳ አልነገረኝም።